እውነትና ንጋት፤ ስለ ወንጀል ምርመራ ታሪኮችና ስለ ኅዋ ፍርሃት

አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲሉ የተናገሩት ቃል ከፍርድ አደባባይ አንሥቶ እስከ ቤተ ሰብ ጉዳይ ድረስ ሲጠቀስ የኖረ ነው። በዚህ ቃል ውስጥ ሁለት እምነቶች ይገኛሉ። አንደኛው፣ የተሰወረ ነገር ጊዜውን ጠብቆ መገለጡ የማይቀር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የተገለጠው እውነት እንደ ንጋት ብርሃን ለሰው የሚጠቅምና ልብን የሚያሳርፍ መሆኑ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ከ180 ዓመታት በላይ ሲጻፍ የኖረው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በነዚህ በሁለቱ እምነቶች ላይ የቆመ ነው። ከሱ ጋር ጎን ለጎን ያደገ ሌላ የአጻጻፍ ዓይነት ደግሞ አለ፤ ይኸውም የመጀመሪያውን እምነት ተቀብሎ ሁለተኛውን የሚጠራጠር ነው። ነገሩ መጥራቱስ አይቀርም፤ ዳሩ ግን የጠራው ነገር ለሰው ዐይን የማይቻል ቢሆን ምን ይደረጋል? ብሎ ይጠይቃል።

በዚህ ጽሑፋችን የነዚህን የሁለት ዓይነት አጫጭር ታሪኮች ዝምድና ከመነሻው ጀምረን እንመለከታለን። ከአንድ አባት መወለዳቸውን፣ መለያየታቸውን፣ አብረው እንዳይኖሩ ሕግ የወጣባቸው መሆኑንና በመጨረሻም መልሰው መገናኘታቸውን እንደ ቅደም ተከተሉ እንናገራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የምርመራ ታሪክ አሠራሩ ለብዙዎች የታወቀ ነው። አንድ ሰው ተገድሎ ይገኛል፤ ወይም አንድ ውድ ዕቃ ይጠፋል። መርማሪው ይመጣና የእግር ዱካውን፣ የትምባሆውን ዐመድ፣ የምስክሮቹን ቃልና የደብዳቤውን ጽሕፈት እየመረመረ ፍንጭን ከፍንጭ ያያይዛል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ወንጀለኛው በስሙ ይጠራል፤ የተናጋውም ኑሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ ዓለም ሥርዓት ያላት መሆኗን እንደ ገና አምኖ ይተኛል።

የኅዋ ፍርሃት የምንለው ግን ከተለመደው የመናፍስት ወሬ ተለይቶ መታወቅ አለበት። ጋኔንን የሚፈራ ሰው ጋኔኑ እንደሚጠላው ያውቃል፤ የሚጠብቀው አምላክ እንዳለውም ያምናል፤ ስለዚህ በሰማይና በምድር መካከል የራሱ ቦታ አለው። በኅዋ ፍርሃት ታሪክ ውስጥ ይህ ቦታው ይወሰድበታል። ፍጥረተ ዓለም ከመጠን ያለፈ ሰፊና አሮጌ ሆኖ ይታየዋል። በውስጡም ከሰው በፊት የነበሩ፣ ከሰውም በኋላ የሚኖሩ ኃይሎች አሉ፤ እነሱም ሰውን አይወዱትም፣ አይጠሉትም፣ መኖሩንም ልብ አይሉትም። መንገደኛ ከእግሩ ሥር ያለውን ጉንዳን ሳያይ ረግጦት እንደሚያልፍ ማለት ነው። ለዚህ አስተሳሰብ መንገድ የከፈተው የ19ኛው መቶ ዓመት ሳይንስ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት የምድርን ዕድሜ በሚሊዮን ዓመታት መቍጠር ጀመሩ፤ ቻርልስ ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈውን መጽሐፍ በ1859 ዓ.ም. አሳተመ፤ የከዋክብት ተመራማሪዎችም ሰማዩን እየለኩ ቍጥሩ ከሐሳብ በላይ ሆነ። እንግዲህ ሁለቱም የድርሰት ዓይነቶች የአንድ የምርምር ዘመን ልጆች ናቸው፤ አንደኛው ምርምር የሰጠውን ተስፋ ይዞ ሲሄድ ሁለተኛው ምርምር ያስከተለውን ድንጋጤ ያዘ።

ወደ አዲሶቹ ደራሲዎች ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ጥንታዊ ነገር ማስታወስ ይገባናል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዶረቲ ሴየርስ በ1928 ዓ.ም. የምርመራ፣ የምሥጢርና የፍርሃት ታሪኮችን በአንድ ትልቅ ጥራዝ ሰብስባ ስታሳትም፣ ከጥንታውያን ምሳሌዎች መካከል የሶስናን ታሪክና ዳንኤል የቤልን ካህናት ያጋለጠበትን ታሪክ አግብታለች። እነዚህ ታሪኮች በፕሮቴስታንቶች መጽሐፍ ቅዱስ ከቀኖና ውጭ የተቀመጡ ሲሆኑ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ተቈጥረው ሲነበቡ የኖሩ ናቸው። በሶስና ጉዳይ ዳንኤል ሁለቱን ሐሰተኞች ምስክሮች ለያይቶ ለየብቻቸው ይጠይቃል፤ ቃላቸውም ስለ ዛፉ ዓይነት ይለያያል። በቤል ጉዳይ ደግሞ ጣዖቱ በየሌሊቱ መብሉንና ወይኑን ይጨርሳል እየተባለ ሲወራ፣ ዳንኤል ከንጉሡ ፊት በቤተ ጣዖቱ ወለል ላይ ዐመድ ይነሰንሳል፤ ሲነጋም የካህናቱ፣ የሚስቶቻቸውና የልጆቻቸው እግር ዱካ በዐመዱ ላይ ታትሞ ይገኛል። ይህ ዐመድ የምርመራ ልብ ወለድ ሁሉ መሠረት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከሰው በላይ የሆነ መስሎ የታየው ነገር የሰው እጅ ሥራ ሆኖ ተገኘ፤ ሌሊቱ ያስፈራውን ንጋቱ አጠራው።

በአዲሱ ዘመን የዚህ ሥራ ጀማሪ አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ ነው። በ1841 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር በወጣው በግራሃም መጽሔት ላይ በፓሪስ ከተማ ስለ ተፈጸመ የሁለት ሴቶች ግድያ አንድ ታሪክ አሳተመ። ቤቱ ከውስጥ ተቈልፏል። ምስክሮቹ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ከውስጥ የተሰማውን ቀጭን ድምፅ እያንዳንዱ እሱ በማያውቀው በሌላ አገር ቋንቋ የተነገረ መስሎት ይመሰክራል። መርማሪው ዱፐን ከዚህ አለመስማማት ተነሥቶ፣ ድምፁ የማንም ሰው ቋንቋ እንዳልሆነ ያረጋግጣል፤ ገዳዩም ከጌታው ያመለጠ ትልቅ ዝንጀሮ ሆኖ ይገኛል። በምርመራ ልብ ወለድ በኵር ታሪክ ውስጥ ገዳዩ ሰው አለመሆኑ ልናስብበት የሚገባ ነገር ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚደንቀው ደግሞ በሚከተለው ወር የሆነው ነው። በዚያው መጽሔት፣ በሜይ ወር 1841 ዓ.ም.፣ ፖ በኖርዌይ ባሕር ስላለው ታላቅ አዙሪት የሚናገር ታሪክ አወጣ። ሦስት ወንድማማች ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸው ወደ አዙሪቱ ትገባለች። ሁለቱ ይጠፋሉ። ሦስተኛው በጥልቁ አፋፍ ላይ እየተሽከረከረ ሳለ የሚያየውን ነገር መመርመር ይጀምራል፤ ክብ ግንድ የሚመስሉ ነገሮች ከሌሎቹ ይልቅ ቀስ ብለው እንደሚሰጥሙ ያስተውላል፤ ራሱን ከውሃ በርሜል ጋር አስሮ ከጀልባው ይዘላል። ይድናል፤ ዳሩ ግን እንደ ቍራ ጥቍር የነበረው ጠጕሩ በአንድ ቀን ይነጣል። በፓሪሱ ታሪክ መርማሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያስብ፣ በአዙሪቱ ታሪክ ተመልካቹ በጥልቁ ከንፈር ላይ ሆኖ ያስባል። ዘዴያቸው አንድ ነው፤ የሁለተኛው ግን ዋጋ አስከፍሎታል። ስለዚህ ሁለቱ የድርሰት ዓይነቶች ከአንድ እጅ፣ በአንድ መጽሔት፣ በሠላሳ ቀን ልዩነት ወጡ ማለት ይቻላል።

ከፖ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። የምርመራውን መንገድ ወደ ዝና ያደረሰው የስኮትላንድ ተወላጁ ሐኪም አርተር ኮናን ዶይል ነው። በኤዲንበርግ የሕክምና ትምህርት ቤት መምህሩ የነበረው ዶክተር ጆሴፍ ቤል የሕመምተኛውን ልብስ፣ እጅና አረማመድ አይቶ ሥራውንና የመጣበትን አገር ይናገር ነበርና፣ ዶይል ይህን ችሎታ ለሼርሎክ ሆልምስ ሰጠው። ሆልምስ በ1887 ዓ.ም. በአንድ ረጅም ታሪክ ታየ፤ ከጁላይ 1891 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በስትራንድ መጽሔት ላይ በየወሩ በሚወጡ አጫጭር ታሪኮች የእንግሊዝን ሕዝብ ማረከ። በ1892 ዓ.ም. በወጣው በአንዱ ታሪክ ሆልምስ አንድ አሮጌ ባርኔጣ ብቻ ይዞ የባለቤቱን ጠባይ፣ የቀድሞ ሀብቱንና የትዳሩን ሁኔታ ሲተርክ እናያለን። አንባቢያችን ይህን ባርኔጣ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ሆልምስ ለመናፍስት ቦታ አልነበረውም። ከ1901 እስከ 1902 ዓ.ም. በተከታታይ በወጣው በባስከርቪል ውሻ ታሪክ፣ አንድን ቤተ ሰብ ለብዙ ትውልድ ሲያሳድድ የኖረ የሚመስለው እሳት የሚተፋ ውሻ ፎስፈረስ የተቀባ ተራ እንስሳ ሆኖ ተገኘ። በ1924 ዓ.ም. በታተመው በሌላው ታሪክ ደግሞ የልጇን ደም ስትጠባ የታየች እናት በመርዝ የተወጋውን ሕፃን ለማዳን መርዙን በአፏ ትስብ ኖሯል። ይህ ሁሉ የዳንኤል ዐመድ ነው። የሚገርመው ግን ደራሲው ራሱ የሙታንን መናፍስት ማነጋገር ይቻላል የሚለውን እምነት አጥብቆ የያዘ መሆኑ ነው። ሁለት ልጃገረዶች በ1917 ዓ.ም. ያነሡትን የትናንሽ ባለ ክንፍ ፍጥረታት ፎቶግራፍ እውነት ነው ብሎ በዲሴምበር 1920 ዓ.ም. በዚያው በስትራንድ መጽሔት ጻፈ፤ ልጃገረዶቹ አርጅተው በ1983 ዓ.ም. ሥዕሎቹ ከወረቀት የተቈረጡ መሆናቸውን አመኑ። እንዲህም ሆኖ ዶይል እምነቱን በሆልምስ ላይ አልጫነም። ምርመራው ከተነካ ታሪኩ እንደሚፈርስ ያውቅ ነበር ብለን እናምናለን።

በዚያው ዘመን በሁለቱ መንገዶች መካከል የሚመላለሱ ደራሲዎችም ነበሩ። የዌልስ ተወላጁ አርተር ማከን በ1895 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ አንድ ፕሮፌሰር የጥቁር ማኅተም ድንጋይ፣ በኖራ ድንጋይ ላይ የተጻፈ እንግዳ ፊደልና የሰው መጥፋትን የሚያወሩ የጋዜጣ ቍራጮችን ሰብስቦ ለዓመታት ያገናዝባል። ምርመራው ይሳካለታል፤ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ኮረብታዎቹ ይሄዳል፤ አይመለስም። ከዚያም ዊልያም ሆፕ ሆጅሰን ከ1910 ዓ.ም. ጀምሮ ካርናኪ ስለሚባል የመናፍስት መርማሪ ጻፈ። ካርናኪ በሚያስፈራ ቤት ሲያድር በሮቹን በማኅተምና በቀጭን ፀጕር ያሽጋል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ በኤሌክትሪክ በሚበራ ኮከብ መካከል ይቀመጣል። አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው ተንኰለኛ ሰው ነው፤ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ርኵስ ኃይል ነው፤ አልፎ አልፎ ሁለቱም አብረው ይገኛሉ። አንባቢው የትኛው እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ አይችልም፤ የታሪኮቹም ጣዕም ይህ ነው። ሆጅሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኤፕሪል 1918 ዓ.ም. በቤልጅግ ግንባር በመድፍ ተመትቶ ሞተ።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የምርመራ ልብ ወለድ እንደ ጨዋታ ሕግ እንዲወጣለት ተፈለገ። አሜሪካዊው ኤስ. ኤስ. ቫን ዳይን በሴፕቴምበር 1928 ዓ.ም. 20 ደንቦችን አሳተመ። እንግሊዛዊው ካህን ሮናልድ ኖክስ በ1929 ዓ.ም. 10 ትእዛዛትን ጻፈ፤ ከነዚያም አንዱ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል ሁሉ ከታሪኩ እንዲወገድ የሚያዝ ነው። በ1930 ዓ.ም. በለንደን የተቋቋመው የምርመራ ደራሲዎች ክበብም፣ በመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱ በቼስተርተን ዘመን፣ አባሎቹን በዚህ መንፈስ ያስምል ነበር። ካህን የሆነ ሰው ተአምርን ከድርሰት ማስወጣቱ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገሩን ግን ከአገራችን ልማድ ጋር ብናስተያየው ምክንያቱ ይገባናል። በቀድሞ ዘመን ሌባ ሲጠፋ ሌባሻይ ይጠራ ነበር፤ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ዕዳውን ይከፍላል። የተከሰሰው ሰው ልጁን መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቀው አይችልም፤ ማስረጃውንም ሊያስተባብል አይችልም። በአውጫጪኝ ጊዜ ግን የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ቃሉም ይመዘናል። የኖክስ ትእዛዝ አንባቢውን ከሌባሻይ አድኖ ወደ አውጫጪኝ የሚወስድ ነው ማለት ይቻላል። መልሱ በማይመረመር ኃይል ከተሰጠ አንባቢው ተታሏል።

እንግዲህ ሁለቱ ዓይነቶች በሕግ ተለያዩ። ይሁን እንጂ ሕጉ ከመጻፉ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ በፌብሩዋሪ 1928 ዓ.ም.፣ ዊርድ ቴልስ በሚባል ርካሽ ወረቀት ላይ በሚታተም የአሜሪካ መጽሔት አንድ ታሪክ ወጥቶ ነበር። ደራሲው በፕሮቪደንስ ከተማ በ1890 ዓ.ም. የተወለደው ሃዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት ነው። ይህ ሰው በልጅነቱ የሆልምስን ታሪኮች ከማንበቡ የተነሣ ከጓደኞቹ ጋር የልጆች የምርመራ ድርጅት አቋቁሞ ነበር፤ ገና በወጣትነቱም ለአካባቢው ጋዜጦች ስለ ከዋክብት ይጽፍ ነበር። ያጕሊ መነጽሩና የከዋክብት መነጽሩ በአንድ ልጅ እጅ ተገናኙ ማለት ነው።

ታሪኩ «የክቱልሁ ጥሪ» ይባላል፤ አሠራሩም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የዶሴ አሠራር ነው። አንድ አረጋዊ ፕሮፌሰር በድንገት ይሞታል፤ ወራሹ የተቈለፈ ሣጥን ይከፍታል። በሣጥኑ ውስጥ አንድ ወጣት ቀራጺ ከሕልሙ የቀረጸው የሸክላ ምስልና ብዙ ማስታወሻ ይገኛል። ቀጥሎ የኒው ኦርሊንስ ፖሊስ ሹም ሌግራስ ይመጣል። ይህ ሹም በ1907 ዓ.ም. በረግረግ ጫካ ውስጥ ከያዛቸው ሰዎች እጅ ያገኘውን ትንሽ ሐውልት ይዞ፣ በ1908 ዓ.ም. ወደ ሊቃውንት ጉባኤ ሄዶ ምንነቱን ይጠይቃል። ከሊቃውንቱ አንዱ ከብዙ ዓመታት በፊት በግሪንላንድ በረዶ መካከል ተመሳሳይ ምስል አይቷል፤ የሰማውንም የጸሎት ቃል መዝግቧል። ሁለቱ ቃሎች ሲነጻጸሩ አንድ ሆነው ይገኛሉ። ተያይተው የማያውቁ ሁለት ምስክሮች በአንድ ቃል ሲስማሙ ዳኛ ምን እንደሚል አንባቢያችን ያውቃል።

የመጨረሻው ማስረጃ የሚገኘው በአጋጣሚ ነው። በአንድ ሙዚየም መደርደሪያ ላይ ከድንጋይ ናሙናዎች ሥር የተነጠፈ አሮጌ የአውስትራሊያ ጋዜጣ አለ፤ እሱም ስለ አንድ መርከብና በሕይወት ስለ ተረፈ አንድ የኖርዌይ መርከበኛ ያወራል። ወራሹ ቀኖቹን ያገናዝባል። ማርች 23 ቀን 1925 ዓ.ም. መርከበኞቹ በካርታ ላይ ወደሌለ ደሴት ወጡ፤ በዚያው ቀን በሌላው የዓለም ዳርቻ ቀራጺው በትኵሳት ወደቀ። ኤፕሪል 2 ቀን በባሕሩ ላይ ማዕበል ተነሣ፤ በዚያው ቀን የቀራጺው ትኵሳት ለቀቀው። በየመሥሪያ ቤቱ ከዶሴ ጋር የምንውል ሰዎች የዚህን አሠራር ኃይል ለመረዳት አንቸገርም። እያንዳንዱ ወረቀት ለብቻው ሲነበብ አንዳች አያስፈራም፤ አንዱ የሕልም ማስታወሻ ነው፣ ሌላው የፖሊስ ቃል ነው፣ ሦስተኛው የጋዜጣ ወሬ ነው። ሦስቱ በአንድ ማኅደር ሲታሰሩ ግን ማንም ያላሰበው ነገር ብቅ ይላል።

የላቭክራፍትም ታላቅ ግኝት ይህ ይመስለናል። የምርመራውን ዘዴ አልጣለም፤ አላላላውምም። ምስክር፣ ቀን፣ ማስረጃና ንጽጽር ሁሉ በቦታቸው አሉ። መርማሪው አንድም ስሕተት አይሠራም። ዳሩ ግን በሆልምስ ዓለም ትክክለኛ መልስ ሰላምን ሲያመጣ፣ በዚህ ታሪክ ትክክለኛ መልስ የመርማሪውን ሰላም ለዘለዓለም ይወስዳል። ወንጀለኛ አልተያዘም፤ ሊያዝም አይችልም። ወራሹ በመጨረሻ የሚመኘው ወረቀቶቹ በሌላ ሰው እጅ እንዳይወድቁ ነው። መጽሐፈ መክብብ ዕውቀትና ኀዘን አብረው እንደሚያድጉ ያስተማረውን፣ ይህ ታሪክ በፖሊስ ዶሴ መልክ አሳየ።

ይህን ካልን በኋላ ስለ ደራሲው ነውር ዝም ማለት አይገባንም። ላቭክራፍት ከ1924 እስከ 1926 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በብሩክሊን ሲኖር ከየአገሩ የመጡትን ስደተኞች በጽኑ ይጠላ ነበር። በ1925 ዓ.ም. ጽፎ በጃኑዋሪ 1927 ዓ.ም. ባሳተመው ስለ ሬድ ሁክ ሠፈር በሚናገር ታሪክ፣ ማሎን የሚባል መርማሪ ፖሊስ የርኵሰት ሥራን ይከታተላል። የሠፈሩ ነዋሪዎች ግን ወንጀል ከመረጋገጡ በፊት በመልካቸውና በቋንቋቸው ተፈርዶባቸዋል። በክቱልሁ ታሪክም ውስጥ ጥቍር ሰዎችና የባሕር ሰዎች የሚገለጹበት ቃል ከዚሁ ጥላቻ የመጣ ነው። ይህ የሥነ ምግባር ጕድለት ነው፤ የድርሰት ጕድለትም ነው። የምርመራ ታሪክ የመጀመሪያ ግዴታ ማስረጃ ሳይገኝ በማንም ላይ አለመፍረድ ሲሆን፣ በሬድ ሁክ ታሪክ የደራሲው ፍርሃት ሌባሻይ ሆኖ ራሱ የመረጠው ቤት ገብቶ ወደቀ። ታሪኩ ከሥራዎቹ መካከል ደካማ ተብሎ መቈጠሩ አያስደንቅም።

ላቭክራፍት በ1937 ዓ.ም. በድህነት ሞተ። ዘዴው ግን በሌሎች እጅ እያደገ ሄደ። የአርጀንቲናው ሆርሄ ልዊስ ቦርኼስ በ1942 ዓ.ም. ባወጣው አንድ ታሪክ፣ ውብና ረቂቅ መልስ የሚወድ መርማሪ ፍንጮቹን በትክክል ተከትሎ ጠላቱ ወዳዘጋጀለት ሞት ሲደርስ አሳይቶ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ለላቭክራፍት መታሰቢያ ያደረገውን ታሪክ አሳተመ። በዚህ ታሪክ አንድ ወጣት የአጎቱ የነበረውን ቤት ማን እንደ ገዛው ለማወቅ ይመረምራል፤ አናጢውንና የቤቱን ነዳፊ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ራሱ ይገባል። በቤቱ ያለው ዕቃ ለሰው አካል የተሠራ አይደለም። እዚህ ላይ የሆልምስን ባርኔጣ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሆልምስ ከባርኔጣው ተነሥቶ ባለቤቱን እንዳወቀው ሁሉ፣ ይህም ወጣት ከመቀመጫውና ከመኝታው ቅርጽ ተነሥቶ የነዋሪውን አካል ለማሰብ ይገደዳል። ዘዴው ያው የሆልምስ ነው፤ ውጤቱ ግን ደም የሚያቀዘቅዝ ነው። ነዋሪው ሲመጣ ወጣቱ ዐይኑን አለመጨፈኑን ነግሮን ታሪኩ ያልቃል።

በ2003 ዓ.ም. ሆልምስንና የላቭክራፍትን ዓለም እንዲያገናኙ ልዩ ልዩ ደራሲዎች የተጋበዙበት አንድ የታሪክ መድበል በአሜሪካ ታትሟል። ከውስጡ የእንግሊዛዊው ኒይል ጌይመን ታሪክ በ2004 ዓ.ም. ሁጎ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል። በዚህ ታሪክ እንግሊዝን የሚገዙት ከኅዋ የመጡት ጥንታውያን ኃይሎች ናቸው፤ ሕዝቡም ለምዷቸዋል፤ የተገደለውም መስፍን ደሙ አረንጓዴ ነው። ከጦር ሜዳ ቈስሎ የተመለሰ ተራኪና ብልህ ጓደኛው ገዳዩን ይከታተላሉ። የታሪኩን መጨረሻ ከዚህ ገልጠን የአንባቢውን ደስታ አንነሣውም፤ የዶይልን መጻሕፍት በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ግን ትናንሾቹን ምልክቶች እየለቀመ፣ መርማሪ ነው ብሎ ያመነው ሰው ማን እንደ ሆነ ራሱ ይደርስበታል። እውነተኛው ምርመራ የተተወው ለአንባቢው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን አሜሪካዊው ጥቍር ደራሲ ቪክተር ላቫል በ2016 ዓ.ም. ያሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ ነው። ላቫል የሬድ ሁክን ታሪክ እንደ ገና አንሥቶ፣ በ1924 ዓ.ም. በሐርለም በሚኖር ቶሚ ቴስተር በሚባል ጥቍር ወጣት በኩል ተረከው። ማሎን በዚህም መጽሐፍ አለ፤ ከሱም ጋር አንድ የግል መርማሪ አለ። ይህ መርማሪ የቶሚን ሽማግሌ አባት ቤታቸው ገብቶ በጥይት ይገድላቸዋል፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ በእጃቸው የነበረው ክራር መሰል ጊታር ጠመንጃ መስሎኝ ነው ይላል። ማስረጃን የማንበብ ሥራው የሆነ ሰው ጊታርን ጠመንጃ አድርጎ አነበበ፤ ሕጉም ተቀበለው። ከዚያ ወዲያ ቶሚ በባሕሩ ሥር ወደሚተኛው ኃይል ፊቱን ያዞራል። በያንዳንዱ ቀን ለሚጠላ ሰው፣ ሰውን የማይጠላም የማይወድም ዓለም እረፍት ይሆንለታልና።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚል ብሂል አለን። ላቭክራፍት የጻፈው ሁሉ ይህን ብሂል የሚያጸና ነበር፤ የማይታወቀው ሁሉ አስፈሪ ነውና። ላቫል ግን የሚታወቀው ሰይጣን ባጅ ለብሶ በር ሲያንኳኳ ምን ይባላል? ብሎ ጠየቀ። ከመቶ ዓመት በፊት ከሳሽ በነበረው ዶሴ ላይ ምርመራው እንደ ገና ተከፈተ፤ የተከሰሱትም ቃላቸውን ሰጡ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምናገኘው ፍርድ ምንድን ነው? ሁለቱን የድርሰት ዓይነቶች ማገናኘት የሚሳካው ምርመራው እስከ መጨረሻው በታማኝነት ሲካሄድ ብቻ ነው ብለን እናምናለን። ደራሲው ቋጠሮውን መፍታት ሲያቅተው ከጨለማ አንድ አውሬ ቢያወጣ፣ ምርመራውም ይበላሻል፣ ፍርሃቱም ይጠፋል፤ ኖክስም ለዚህ ዓይነቱ ነበር በሩን የዘጋው። ፖ በአዙሪቱ፣ ላቭክራፍት በዶሴው፣ ቦርኼስ በዕቃው ያሳዩን ግን ሌላ ነገር ነው። ፍርሃቱ የሚመጣው ከትክክለኛው ሒሳብ ድምር ነው፤ አንባቢውም ደምሮ እዚያው ቍጥር ላይ ስለሚደርስ ሊያስተባብል አይችልም።

ወጣት ደራሲዎቻችን ከዚህ የሚማሩት ነገር አለ። የሌላውን አገር ጭራቅ በስሙ መዋስ ቀላል ነው፤ ጥቅሙ ግን ጥቂት ነው። ሊዋሱት የሚገባው ዘዴውን፣ ማለት ቃልን ከቃል፣ ቀንን ከቀን ማገናዘቡን ነው። በዐመዱ ላይ የታየው ዱካ የማን እንደ ሆነ ከመናገር በፊት ጐንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ዱካው የካህናቱ ሊሆን ይችላል፣ ስም የሌለው ነገር ሊሆን ይችላል፣ የመርማሪው የራሱም ሊሆን ይችላል። የክቱልሁ ታሪክ ወራሽ ወረቀቶቹን ማንም እንዳያነባቸው እየተመኘ እንኳ አላቃጠላቸውም፤ ባያቃጥላቸውም ነው እኛ እጅ የደረሱት። አባቶቻችን እውነት እንደ ንጋት ይጠራል ሲሉ ያዩትን ሁሉ እንወደዋለን አላሉም። ሲነጋ ዐይኑን ገልጦ የሚጠብቅ ሰው ግን መኖር አለበት።